የሚቀባጥር ዙር ቆጣሪ

ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ነው፤ ድምፁም የተስተካከለ ነው። ከመሪው በላይ የተገጠመው አዲስ ዙር ቆጣሪ ግን 1,000 ይላል፣ ወዲያው 4,000 ይደርሳል፣ ተመልሶ ዜሮ ላይ ይወድቃል። ለሞተሩ ቤንዚን ሲሰጥ ይብስበታል። በአሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ ከገበያ የተገዛ ቆጣሪ ያስገጠሙ ብዙዎች ይህ ደርሶባቸዋል። ዕቃውን ረግመው ሌላ የሚገዙም አሉ፤ ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ይቀባጥራል።

ምክንያቱን ለመረዳት ሆንዳ ሲቢ 750 ጥሩ ማሳያ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣው ይህ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሳይክል፣ በደቂቃ 8,000 ዙር ላይ 67 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር። የፋብሪካው ዙር ቆጣሪ ከኤሌክትሪክ ጋር ጉዳይ የለውም፤ መብራቱ ብቻ ነው ኤሌክትሪክ የሚፈልገው። በካምሻፍቱ የሚዞር ካቦ ከሞተሩ ራስ ተነሥቶ እስከ ቆጣሪው ይዘልቃል፤ እዚያ አንዲት ማግኔት ያዞራል፣ ማግኔቷም ጠቋሚውን ትስባለች። ካቦው ሊደርቅ ወይም ሊበጠስ ይችላል እንጂ ያልዞረውን ዞረ አይልም።

አዲሱ ቆጣሪ ግን ዙሩን አያየውም። የሚቆጥረው ለሲሊንደሮቹ ብልጭታ ከሚሰጠው ቦቢና የሚመጣለትን የኤሌክትሪክ ምት ነው።

በሲቢ 750 ላይ ሁለት ቦቢናዎች አሉ። አንዱ ለ1ኛውና ለ4ኛው ሲሊንደር፣ ሌላው ለ2ኛውና ለ3ኛው ብልጭታ ይሰጣል። እያንዳንዱ ቦቢና ክራንኩ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ይተኩሳል። ስለዚህ ቆጣሪው በአንድ ዙር አንድ ምት እንዲቆጥር መስተካከል አለበት። በአንድ ዙር ሁለት ምት እንዲጠብቅ ከተደረገ የእውነቱን ግማሽ ያሳያል፤ በሁለት ዙር አንድ ምት እንዲጠብቅ ከተደረገ ደግሞ እጥፉን። ሁልጊዜ ግማሽ ወይም ሁልጊዜ እጥፍ የሚያሳይ ቆጣሪ አልተበላሸም፤ ማስተካከያው ነው የተሳሳተው።

የሚዘል ቆጣሪ ሌላ ነገር ነው። ፑንቲናው፣ ማለትም የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው መገናኛ፣ በተከፈተ ቁጥር የ12 ቮልቱ መስመር ለቅጽበት ወደ መቶዎች ቮልት ይዘላል፤ ከዚያም እየተንቀጠቀጠ ይበርዳል። ቆጣሪው ይህን መንቀጥቀጥ እንደ ተጨማሪ ምት ሊቆጥረው ይችላል። ፑንቲናው ከቆሸሸ፣ ሞላው ከላላ ወይም ኮንደንሰሩ ከደከመ ደግሞ ግርግሩ ይባባሳል። እንግዲህ ጠቋሚው ሲዘል አንዳንዴ እየዋሸ ሳይሆን የብልጭታውን ሕመም እየተናገረ ነው።

ይህን ለመለየት ሲቢ 750 ራሱ መንገዱን ይሰጣል። ከፑንቲናዎቹ ሁለት ሽቦዎች ይወጣሉ፦ ሰማያዊው ለ1 እና 4፣ ቢጫው ለ2 እና 3። የቆጣሪው የምልክት ሽቦ ሰማያዊው ላይ ከሆነ ወደ ቢጫው ማዛወር ነው። ጠቋሚው ከረጋ ጥፋቱ የመጀመሪያው ፑንቲና ወይም ኮንደንሰር ዘንድ ነው፤ ክፍተቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆኑን መለካትና ማጽዳት ይገባል። በሁለቱም ላይ እኩል ከዘለለ ግን ወደ ሌላ መሄድ ያስፈልጋል።

ያን ጊዜ ከሁሉ በፊት የነጋቲቩ ሽቦ ይታይ። ቆጣሪው በላስቲክ ላይ ወይም ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ሲታሰር፣ አካሉ ከሻሲው ጋር የተገናኘ ይመስላል እንጂ አይገናኝም። ራሱን የቻለ ሽቦ ቀጥታ ወደ ባትሪው ነጋቲቭ መሳብ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ቀጥሎ የምልክቱ ሽቦ ያለፈበት መንገድ ነው፤ ከካንዴላ ገመድ ጋር አብሮ ከታሰረ የብልጭታው ጩኸት ይገባበታል። 5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያላቸው የካንዴላ ቆቦችም ይህን ጩኸት ያለዝባሉ። ባትሪው ከተጠረጠረ፣ ቆጣሪውን ለጊዜው ከሌላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ማብላትና ሁለቱን ነጋቲቮች ማገናኘት ቁርጡን ያሳውቃል።

አሮጌው ካቦ ገና ከሠራ፣ አዲሱ እስኪታመን ድረስ አይነቀል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ አዲሱ የቱ ጋ እንደሚስት በዓይን ይታያል። ካቦው በመጨረሻ ሲወጣም ሞተሩ ራስ ላይ የሚቀረው ቀዳዳ በደንብ ይደፈን፤ ካልተደፈነ ዘይት ያፈስሳል።