የዶራሌን ዝርዝር ከኤክሴል ጋር ማገናኘት

ከኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ ተሽከርካሪው፣ በኮንቴይነር የታሸገው ሸቀጥ ዶራሌ ላይ ይራገፍና በጋላፊ በኩል በከባድ መኪና ወይም በደወሌ በኩል በባቡር ወደ መሀል አገር ይጓዛል። ከዕቃው ቀድሞ ግን ዝርዝሩ ይጓዛል፤ የኮንቴይነሩ ቁጥር፣ ክብደቱ፣ የመጣበት መርከብ፣ የተራገፈበት ቀን፣ የዕቃው የጉምሩክ ኮድ። በጅቡቲ ከተማ የሚሠራ ትራንዚተር ይህን ዝርዝር ከአንድ ሥርዓት አውርዶ አዲስ አበባ ላለው ቢሮው ይልካል። እዚያ ያለው ባልደረባው ደግሞ ወደ ኤክሴሉ ይገለብጠዋል። በማግስቱ አዲስ ዝርዝር ይመጣል፤ መገልበጡም እንደ አዲስ ይጀመራል።

ይህ ድካም አላስፈላጊ ነው። ኤክሴል ውጭ ካለ የጽሑፍ ፋይል ጋር ሊገናኝ ይችላል። አንዴ ከተገናኘ በኋላ ፋይሉ ሲለወጥ ሽቱም አንድ ቁልፍ በመጫን ብቻ አብሮ ይለወጣል። ብዙ ቢሮ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም፤ የሚያውቁትም ቢሆኑ አንዳንዴ ሞክረው ቁጥሩ ስለተዛባባቸው ወደ ኮፒ ፔስት ተመልሰዋል። የተዛባበት ምክንያት ግን ይታወቃል፣ ይስተካከላልም።

በመጀመሪያ ፋይሉን እንወቀው። ሲኤስቪ የሚባለው ፋይል በኖትፓድ ሲከፈት የሚታየው ተራ ጽሑፍ ነው። አንዱ መስመር አንድ ረድፍ ነው፤ በመስመሩ ውስጥ ዓምዶቹን የሚለያቸው ኮማ፣ ሰሚኮለን ወይም ታብ ነው። ቀለም የለውም፣ ፎርሙላ የለውም፤ ከሁሉም በላይ ይህ ቀን ነው፣ ይህ ቁጥር ነው፣ ይህ ኮድ ነው ብሎ የሚናገር ምልክት የለውም። ማንኛውም ፕሮግራም ሊያነበው የሚችለው ከዚህ ቀላልነቱ የተነሣ ነው። ችግሩም የሚመጣው ከዚያው ነው፤ ፋይሉ ያልተናገረውን ኤክሴል በግምት ይሞላዋል።

ማገናኘቱ ራሱ አጭር ሥራ ነው። ባዶ ሽት ይክፈቱ፣ «ዳታ» የሚለው ትር ውስጥ ይግቡ፣ «ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ» የሚለውን ይጫኑና ፋይሉን ይምረጡ። ኮምፒዩተሩ በፈረንሳይኛ ከሆነ፣ ጅቡቲ ውስጥ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፣ ትሩ «ዶኔ» ይባላል። ፋይሉን ከመረጡ በኋላ ቅድመ ዕይታ ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ጋር «ሎድ» ብሎ ያልፋል፤ እኔ ግን «ትራንስፎርም ዳታ» የሚለውን እንዲጫኑ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የእያንዳንዱ ዓምድ ዓይነት የሚወሰነው እዚያ ነውና። ይህ መሣሪያ ከኤክሴል 2016 ጀምሮ አብሮ የሚመጣ ነው። በማግስቱ አዲሱን ዝርዝር በዚያው ስም፣ በዚያው ፎልደር ውስጥ በአሮጌው ላይ ያስቀምጡና «ሪፍሬሽ ኦል» ይበሉ፤ በፈረንሳይኛው «አክቱዋሊዜ ቱ» ነው። ከፈለጉ ሽቱ በተከፈተ ቁጥር ወይም በየተወሰነ ደቂቃው በራሱ እንዲያድስ ማዘዝም ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ በጅቡቲና በአዲስ አበባ መካከል የሚፈጠረው አለመግባባት ማለት ነው። በፈረንሳይኛ ልማድ የተስተካከለ ኮምፒዩተር አሥርዮሹን የሚለየው በኮማ ነው። ኮማው ለዚያ ስለተያዘ ዓምዶቹን በሰሚኮለን ይለያል። አዲስ አበባ ያለው ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ልማድ የተስተካከለ ነው፤ አሥርዮሹ በነጥብ፣ ሺው በኮማ፣ ዓምዱም በኮማ። የጅቡቲን ፍራንክ ምንዛሪ እንውሰድ። ፍራንኩ ከዶላር ጋር በቋሚ ተመን የታሰረ ነው፤ ከ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። ጅቡቲ ያለው ማሽን ይህን 177,721 ብሎ ይጽፈዋል። አዲስ አበባ ያለው ማሽን ያንኑ ሲያነብ መቶ ሰባ ሰባት ሺህ ሰባት መቶ ሃያ አንድ ይለዋል። 500,000 ፍራንክ የወደብ ክፍያ ወደ 2,813 ዶላር መሆኑ ቀርቶ ከሦስት ዶላር በታች ሆኖ ይወጣል። ፋይሉን ደብል ክሊክ አድርገው ከከፈቱት ደግሞ ሌላ ብልሽት ይታያል፤ ሰሚኮለኑ መለያ መሆኑ ስለማይታወቅ ዓምዶቹ አንድ ሴል ውስጥ ይታጨቃሉ፣ ምንዛሪው ግን ኮማው ላይ ለሁለት ይሰበርና 721 ከኋላው ካለው ሁሉ ጋር ወደ ጎረቤት ዓምድ ይሄዳል።

ሺህ እጥፍ የተዛባ ቁጥር ቢያንስ ዓይን ይይዘዋል። ክፉው ቀን ነው። 05/06/2025 በጅቡቲ ጁን 5 ነው፤ በእኛ ግንቦት 28 ቀን 2017። በአሜሪካ ልማድ የተስተካከለ ማሽን ግን ሜይ 6 ብሎ ያነበዋል። ልዩነቱ 30 ቀን ነው። የወደብ ማከማቻና የኮንቴይነር መዘግየት ክፍያ (ዲመሬጅ) በቀን የሚቆጠር በመሆኑ 30 ቀን ቀልድ አይደለም፤ ትናንት የተራገፈ ኮንቴይነር ነጻ ቀኑን ጨርሶ ዲመሬጅ የገባ ይመስላል፣ ወይም በተቃራኒው ዕዳ እየቆጠረ ያለው ገና ጊዜ ያለው ይመስላል። ይበልጥ የሚያሳስተው ደግሞ ብልሽቱ ከወሩ መጀመሪያ 12 ቀናት አለማለፉ ነው። ከ13 ጀምሮ ያለው ቀን ወር ሊሆን ስለማይችል ማሽኑ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ስለዚህ በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ የተገለበጠ ቀን፣ ግማሹ ቀን ያልሆነ ጽሑፍ ይሆናል፤ ከላይ ለሚያየው ግን ሁሉም ቀን ይመስላል።

መድኃኒቱ በዚያው «ትራንስፎርም ዳታ» መስኮት ውስጥ አለ። የዓምዱን ርእስ በቀኝ ክሊክ ይጫኑ፣ «ቼንጅ ታይፕ» ብለው «ዩዚንግ ሎካል» የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ የዓምዱን ዓይነት (ቀን ወይም አሥርዮሽ ቁጥር) እና የተጻፈበትን ልማድ (ፈረንሳይኛ) ይንገሩት። ይህን አንዴ ካደረጉ በኋላ በየዕለቱ የሚመጣው ፋይል ሁሉ በዚያው መንገድ ይነበባል። ቢሮው ሌላ ኮምፒዩተር ቢገዛም፣ የኮምፒዩተሩ ልማድ ቢቀየርም ትእዛዙ ከሽቱ ጋር ይኖራል። ፋይሉን የሚያዘጋጀውን ሰው ማግኘት ከቻሉ ደግሞ ቀኑን 2025-06-05 ብሎ እንዲያወጣ ይለምኑት፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተከታትሎ የተጻፈ ቀን በየትም ልማድ አይገለበጥም።

ሦስተኛው አደጋ ቁጥር የሚመስሉ፣ ግን ቁጥር ያልሆኑ ነገሮች ናቸው። ቡናችን በጅቡቲ ሲወጣ በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ኮድ 0901 ሥር ይመደባል፤ ያልተቆላውና ካፌኑ ያልወጣለት 090111 ነው። ኤክሴል ይህን ቁጥር ነው ብሎ ሲገምት መጀመሪያ ያለውን ዜሮ ይጥለዋል፣ 90111 ይቀራል። አራቱን የመጀመሪያ አሃዞች ወስዶ የዕቃውን ዓይነት የሚፈልግ ፎርሙላ ካለዎት 9011 ያገኛል፤ 9011 የማይክሮስኮፕ ኮድ ነው። የሲዳማ ቡና ማይክሮስኮፕ ሆኖ ተመዘገበ ማለት ነው። ጥራጥሬም 0713 ስለሆነ ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። ረጃጅም መለያዎች ላይ ደግሞ ሌላ ገደብ አለ፤ ኤክሴል በአንድ ቁጥር ውስጥ በትክክል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ነው። 16 አሃዝ ያለው የሂሳብ ወይም የማጣቀሻ ቁጥር እንደ ቁጥር ከተነበበ የመጨረሻው አሃዝ ዜሮ ይሆናል፤ በኋላ ማንም ሊመልሰው አይችልም። ስለዚህ የማይደመር፣ የማይባዛ ነገር ሁሉ ዓይነቱ «ቴክስት» ይሁን።

ኤክሴል ፋይሉን ሲያገናኝ የዓምዱን ዓይነት የሚገምተው ከላይ ያሉትን 200 ረድፎች ብቻ አይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ንጹህ ቁጥር የነበረ ዓምድ በ350ኛው ረድፍ ላይ ፊደል ካለበት ያ ሴል ስሕተት ይሆናል። በቀኝ በኩል በሚታየው የእርምጃ ዝርዝር ውስጥ «ቼንጅድ ታይፕ» የሚል፣ እርስዎ ሳያዙ የተጨመረ እርምጃ ካዩ ይሰርዙትና ዓይነቶቹን በራስዎ ይወስኑ። ይህን ማድረግ ከብዙ ራስ ምታት ያድናል።

የኮንቴይነር ቁጥር ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ ጠባይ አለው። አራት የላቲን ፊደላትና ሰባት አሃዞች ናቸው፤ ፊደል ስላለበት ዜሮው አይጠፋም። የመጨረሻው አሃዝ ደግሞ ከፊተኞቹ አሥር ምልክቶች በስሌት የሚገኝ ማረጋገጫ ነው። በእጅ ሲተየብ አንድ አሃዝ ቢሳሳት ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ ያጋልጠዋል። በእርግጥ ዝርዝሩ ከተገናኘ የሚተይበው ሰው የለም፤ ከማገናኘት ትልቁ ትርፍ ይህ ይመስለኛል። የኮንቴይነር ቁጥሩን እንደ መለያ ይዘው ከሌላ ሽት ላይ የደንበኛውን ስም፣ የሾፌሩን ስልክ ወይም የተከፈለውን ክፍያ በቪሉክአፕ ወይም በኤክስሉክአፕ መሳብ ይችላሉ። እነዚህን ፎርሙላዎች ግን በሌላ ሽት ላይ ይሥሯቸው፤ የተገናኘው ሽት ላይ በእጅ ምንም አይጻፍ። ከዝርዝሩ ጎን በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ ፋይሉ ታድሶ የረድፎቹ ቅደም ተከተል ሲቀየር ከሌላ ኮንቴይነር አጠገብ ቆሞ ይገኛል።

የደንበኞች ስም በአማርኛ ከተጻፈ ፊደሉም ሊበላሽ ይችላል። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በሦስት ባይት ይቀመጣል። ማሽኑ ፋይሉን በአሮጌው የምዕራብ አውሮፓ አጻጻፍ ካነበበው አንዱ ፊደላችን ሦስት እንግዳ ምልክት ሆኖ ይወጣል። የፈረንሳይኛዎቹ ባለ ምልክት ፊደላትም እንዲሁ ይበላሻሉ። ቅድመ ዕይታው ላይ ከላይ በግራ ያለውን «ፋይል ኦሪጅን» ከፍተው 65001 የሚለውን ቢመርጡ ጽሑፉ ወዲያው ይስተካከላል።

ስለ ረድፍ ብዛትም አንድ ነገር ልበል። በሴፕቴምበር መጨረሻና በኦክቶበር መጀመሪያ 2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የእንግሊዝ የጤና መሥሪያ ቤት ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ተጠቂዎችን ከዕለታዊ ሪፖርቱ ሳያካትት ቀርቶ ነበር። ከላቦራቶሪ የመጡት የጽሑፍ ፋይሎች የተገለበጡት 65,536 ረድፍ ብቻ በሚይዘው በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ላይ ነበርና የተረፈው ተቆርጦ ቀረ፤ ማስጠንቀቂያም አልመጣም። የአሁኑ ኤክሴል 1,048,576 ረድፍ ይይዛል፣ አንድ የትራንዚት ቢሮ እዚያ አይደርስም። ቢሆንም ከተገናኘው ሽት ውጭ ሁለት ሴል ይመድቡ፤ አንዱ ረድፎቹን ይቁጠር፣ ሌላው ክብደቱን ይደምር። ጅቡቲ ያለው ባልደረባዎ ፋይሉን ሲልክ እነዚያን ሁለት ቁጥሮች በስልክ መልእክት ቢነግርዎ ማመሳከሩ ደቂቃ አይፈጅም።

ማገናኛው የሚያስታውሰው የፋይሉን ሙሉ አድራሻ፣ ከነድራይቩ ከነፎልደሩ ነው። ስለዚህ ሽቱን ብቻ በኢሜይል ወደ አዲስ አበባ ቢልኩት ቁጥሮቹ ይታያሉ፣ ማደስ ግን አይቻልም፤ እዚያ ማሽን ላይ ያ ፎልደር የለም። ሁለቱም ቢሮ የሚደርስበት የጋራ ፎልደር ካለ ፋይሉ እዚያ ይቀመጥ። ኤክሴል የሌለው ቢሮ በነጻ የሚገኘውን ሊብሬኦፊስ ካልክ መጠቀም ይችላል፤ «ሽት» በሚለው ምናሌ ውስጥ ውጭ ካለ ፋይል ጋር የሚያገናኝ ትእዛዝ አለው፣ በየስንት ሰከንዱ እንደሚታደስም ይጠይቅዎታል።

ለደንበኛ የሚላክ ደረሰኝና የወር መዝጊያ ሂሳብ ግን በተገናኘ ሽት ላይ አይቆዩ። ነገ ፋይሉ ሲታደስ ትናንት የተላከው ደረሰኝ ላይ ያለው ቁጥር አብሮ ይቀየራል፣ ደንበኛው እጅ ያለው ወረቀትና የእርስዎ መዝገብ ይለያያሉ። ሰነዱ ከመውጣቱ በፊት ሽቱን በሙሉ ገልብጠው በአዲስ ፋይል ላይ «ፔስት ቫሊዩስ» በሚለው እንደ ቁጥር ብቻ ይለጥፉት፣ በፋይሉ ስም ላይ ቀኑን ይጻፉበት፣ የመጣበትን የጽሑፍ ፋይልም አብረው ያስቀምጡ።