ስለ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድን የክረምት ለውጥና ስለ መጪው የውድድር ዘመን

አንድን የስፖርት ክለብ የሚያፈርሰው ብዙውን ጊዜ የገንዘብ እጦት ወይም ተደጋጋሚ ሽንፈት ነው። የኮሌጅ ቡድን ግን ቢያሸንፍም ቢሸነፍም በየዓመቱ በከፊል ይፈርሳል፤ ተጨዋቾቹ ተማሪዎች ናቸውና ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ ተመርቀው ይሄዳሉ። ስለዚህ የምረቃ ወራት ለወላጆች የደስታ ሲሆኑ ለአሠልጣኙ የጉድለት ወራት ናቸው። በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ ይህ የየክረምቱ ለውጥ ከምን እንደሚመጣ፣ በሃያ ሁለት አካባቢ ለሚገኙ ኮሌጆች ምን ልዩ ችግርና ምን ልዩ ዕድል እንደሚሰጥ፣ ከዚያም ተነሥቶ የሚመጣውን የውድድር ዘመን እንዴት መገመት እንደሚቻል ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንደርስበትን ሐሳብ አስቀድመን ለመግለጽ ያህል፣ የአንድ ኮሌጅ ቡድን ተስፋ የሚታወቀው ስንት ጥሩ ተጨዋች እንደቀረለት በመቁጠር ሳይሆን፣ ባለፈው ዓመት የጨዋታው ደቂቃ በየትኛው የትምህርት ዓመት ተማሪዎች እጅ እንደነበረ በመጠየቅ ነው።

ሀ. ጨዋታውና ትምህርት ቤት

ቅርጫት ኳስ ከመነሻው የተማሪዎች ጨዋታ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 በአሜሪካ አገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ ጄምስ ናይስሚዝ የተባለ መምህር፣ ተማሪዎቹ በብርዱ ወራት ደጅ ወጥተው መጫወት ስላልተቻላቸው፣ ሁለት የፍራፍሬ ቅርጫቶች በአዳራሽ ውስጥ ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ይህን ጨዋታ አስጀመራቸው። የመጀመሪያዎቹ ተጨዋቾች 18 ሲሆኑ፣ በየወገኑ 9 ሆነው ተጫወቱ። ትምህርት ቤቱ እኛ ወወክማ የምንለው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር መምህራን ማሠልጠኛ ስለነበረ፣ ጨዋታው በማኅበሩ በኩል ወደ ብዙ አገሮች ተሠራጨ።

በሀገራችንም ቅርጫት ኳስ ከትምህርት ቤት ግቢ ጋር የተያያዘ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ። ከ11 ዓመት በኋላ በ1954 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና በካይሮ ሲደረግ፣ ኢትዮጵያ ከተካፈሉት 5 አገሮች አንዷ ነበረች። በዚያው ዓመት በጥር ወር የአፍሪካ እግር ኳስ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ በቡድናችን አሸናፊነት ስለተፈጸመ፣ ዛሬ የ1954ን ስም ሲሰማ እግር ኳሱን የማያስታውስ የለም፤ ስለ ካይሮው ጉዞ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

ለ. ማን ይሄዳል፣ ማንስ ይመጣል

በዓለም አቀፉ ደንብ አንድ ቡድን ለአንድ ጨዋታ የሚያስመዘግበው ቢበዛ 12 ተጨዋቾችን ነው። ከነዚህም 5ቱ ሜዳ ይገባሉ። ብዙዎቹ የዲግሪ ትምህርቶች 4 ዓመት ስለሚወስዱ፣ ተጨዋቾቹ በየትምህርት ዓመቱ እኩል የተከፋፈሉ ቢሆን በየክረምቱ 3 ሰዎች ይሄዳሉ፤ 3 አዲሶች ይተካሉ ማለት ነው። ይህ የማይቀር ልክ ስለሆነ ብዙ አያሳስብም። አሳሳቢ የሚሆነው አሠልጣኙ ለዛሬው ዋንጫ ሲል ነባሮቹን ብቻ ሲያሰልፍ፣ ወይም ደግሞ ከአንድ ዓመት ገቢዎች መካከል ለቡድኑ የሚሆን ተማሪ ሳይገኝ ሲቀር ነው።

እዚህ ላይ ከአሜሪካ ኮሌጆች ጋር ማነጻጸር ነገሩን ያብራራዋል። በዚያ አገር በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ኮሌጁን መለወጥ የሚፈልግ ተጨዋች ስሙን የሚያስገባበት የዝውውር መዝገብ ተቋቋመ። በ2021 ተጨዋቹ አንድ ጊዜ ቢዛወር ዓመት ሳይቀመጥ ወዲያው እንዲጫወት ተፈቀደ። በ2024 ደግሞ የትምህርት ውጤቱ ካልጎደለ በዝውውሩ ብዛት ላይ የነበረው ገደብ ተነሣ። ከ2025 ጀምሮ ኮሌጆቹ ራሳቸው ለተጨዋቾቻቸው ገንዘብ መክፈል ጀመሩ። ስለዚህ በዚያ የክረምት ለውጥ ማለት በይበልጥ የገበያ ጉዳይ ሆኗል፤ የጎደለበት አሠልጣኝ ከሌላው ኮሌጅ የበሰለ ተጨዋች ሊያመጣ ይችላል።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ በር የለም። ብዙዎቹን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በሚመለከት ተማሪውን የሚያመጣው የትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ነው። ምደባው የሚመለከተው ውጤትን፣ ምርጫንና የቦታ ብዛትን እንጂ የቁመትን ልክ ወይም የኳስን ችሎታ አይደለም። አንድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዓመት ሁለት ረጃጅም ተጨዋቾች ሲደርሱት፣ በሚቀጥለው ዓመት አንድም ላይደርሰው ይችላል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛወርም የጤና ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ይጠየቃል። የግል ኮሌጆች ተማሪዎቻቸውን ራሳቸው ስለሚመዘግቡ በዚህ ረገድ ነጻ ናቸው፤ ነገር ግን ወደ እነርሱም የሚገባው ተማሪ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና በሩን አልፎ መምጣት አለበት።

ሐ. የፈተናው ውጤትና የገቢው ቁጥር

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ተማሪዎቹ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። በዚያ ሥርዓት መጀመሪያ ከተፈተኑት የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በቁጥርም 30,000 አይሞሉም። በ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ተፈታኞች ከመቶ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ተፈታኞች ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆነ። የጎደለውን ለመሙላት መንግሥት የማካካሻ ትምህርት፣ በተለምዶ ሬሜዲያል የሚባለውን አቆመ፤ ብዙ ተማሪዎችም በዚህ መንገድ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ገቡ።

ይህ ስለ ትምህርት የተነገረ ቁጥር ለቅርጫት ኳስም የራሱ ትርጉም አለው። ከዚህ ቀደም በብዙ ሺህ ከሚቆጠሩ አዲስ ገቢዎች መካከል ለቡድን የሚሆኑ ሰዎችን መምረጥ ይቻል ነበር። በቀጥታ የሚያልፈው ሲያንስ የምርጫው ሜዳም ይጠባል። በማካካሻ የገባው ተማሪ ደግሞ የመጀመሪያ ዓመቱን ሙሉ ስለ ማለፍና መውደቅ ስለሚጨነቅ፣ ማታ ማታ ኳስ ይዞ ሜዳ ይውጣ ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በ4 ዓመት ሲቆጠር፣ በ2015 ዓ.ም. በቀጥታ የገቡት ጥቂቶች የትምህርታቸው ማብቂያ 2018 ዓ.ም. ነው። ተከታዮቻቸውም ጥቂቶች ስለነበሩ፣ በብዙ ቡድኖች ውስጥ ከታች ያሉት ዓመታት የሳሱ ሆነው ቢገኙ አያስደንቅም። ውጤቱ በኋላ ከፍ ማለቱ ተስፋ ነው፤ ግን የዛሬው አንደኛ ዓመት ተማሪ የቡድን ምሰሶ እስኪሆን ሁለት ክረምት ማለፍ አለበት።

መ. ክረምቱ፣ ሜዳውና ሃያ ሁለት

ሃያ ሁለት ማዞሪያ ስሙን ያገኘው ቀድሞ እዚያ ደርሶ ይመለስ ከነበረው የ22 ቁጥር አውቶቡስ ነው ይባላል። ዛሬ ከኡራኤል እስከ መገናኛ፣ ወደ ጎንም እስከ ቦሌ ያለው ሰፈር በፎቅ ቤቶች የተሞላ ነው። በነዚህ ፎቆች ውስጥ ክፍል ተከራይተው የሚያስተምሩ የግል ኮሌጆች አሉ። ባንክ፣ ካፌና ኮሌጅ በአንድ ሕንፃ ላይ ተደራርበው ማየት የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍትና የኮምፒዩተር ክፍል ሊኖረው ይችላል፤ 28 ሜትር በ15 ሜትር የሆነ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ግን በፎቅ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ቡድኑ የሌላ ትምህርት ቤት ሜዳ በሰዓት ይከራያል፣ ወይም በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት ከተሠሩት የሰፈር ሜዳዎች በአንዱ ተራ ይጠብቃል፣ አለዚያም በባቡር ወይም በታክሲ ወደ ስታዲየም አካባቢ ይወርዳል።

በዚህ ላይ ክረምት አለ። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፣ ሐምሌና ነሐሴ ከሁሉ የበረቱ ናቸው። ሜዳዎቹ ጣሪያ የሌላቸው የሲሚንቶ ወለሎች ስለሆኑ፣ ሲረጥቡ ያንሸራትታሉ፤ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ይጎዳሉ። እንግዲህ በሌላው አገር የማሠልጠኛ ወቅት የሆነው ዕረፍት በእኛ የመበተኛ ወቅት ይሆናል።

ነገር ግን የሃያ ሁለት ኮሌጆች አንድ ዕድል አላቸው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በክረምት የመኝታ ክፍሉን ለቅቆ ወደ ትውልድ ስፍራው ይሄዳል፤ የግል ኮሌጅ ተማሪ ግን ብዙውን ጊዜ የከተማው ነዋሪ ነው። ቡድኑ ጠዋት ዝናብ ሳይጥል ሊሰበሰብ ይችላል፤ በአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ይበረታልና። አንጻሩ ደግሞ ብዙዎቹ ቀን ሥራ ውለው ማታ የሚማሩ ስለሆኑ፣ የልምምድ ሰዓትና የትምህርት ሰዓት ይጋጫሉ። ይህን የሚፈታው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ብቻ ይመስለናል።

አንድ ሌላ ነገርም መታሰብ ይገባዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጋምቤላን ከመሰለ ቆላ ስፍራ የመጣ ተማሪ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ደሙ ከአየሩ ጋር እስኪስማማ ሳምንታት ይወስድበታል። አዲስ ገቢዎች ከነባሮቹ ዘግይተው ስለሚመዘገቡ፣ ውድድሩ ሲጀመር ከነርሱ ሙሉ 40 ደቂቃ የሚሮጥ መጠበቅ አይገባም።

ሠ. የሚመጣውን ዘመን እንዴት እንገምት

አንድ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው፤ በሜዳ 5 ሰዎች ስላሉ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ የሚያካፍለው ጠቅላላ ጊዜ 200 የተጨዋች ደቂቃ ይሆናል። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ሁለት ቡድኖችን በሐሳብ እንውሰድ።

የመጀመሪያው ቡድን ቋሚ ተሰላፊዎች 5ቱም የ4ኛ ዓመት ተማሪዎች ሆነው እያንዳንዳቸው 32 ደቂቃ ይጫወታሉ እንበል። ድምሩ 160 ደቂቃ ነው። በሁለተኛው ቡድን የ4ኛ ዓመት ተማሪዎች 3 ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 25 ደቂቃ ይጫወታሉ፤ ድምሩ 75 ነው። ክረምት ሲመጣ የመጀመሪያው 5 ሰው፣ ሁለተኛው 3 ሰው ያጣል። በሰው ሲቆጠር ልዩነቱ 2 ብቻ ነው። በደቂቃ ሲቆጠር ግን የመጀመሪያው ቡድን ከመቶ 80፣ ሁለተኛው ከመቶ 37 ተኩል ያጣል። የመጀመሪያው ምናልባት ዋንጫ ይዞ ተመርቆ ይሆናል፤ ሆኖም በመስከረም የሚጀምረው ከምንም ነው። የቀሩት 7 ተጨዋቾች በአንድ ጨዋታ 40 ደቂቃ ብቻ ተካፍለው የኖሩ ናቸውና፣ ስማቸው በመዝገብ ቢኖርም በጨዋታ ገና አልተፈተኑም።

ከደቂቃው ቀጥሎ የሚታየው የቦታው ዓይነት ነው። ከሩቅ የሚወረውር ተጨዋች ብቻውን ቅርጫት ፊት ቆሞ በመለማመድ አንድ ክረምት ሙሉ ሊሻሻል ይችላል። ጨዋታውን የሚመራው ኳስ አከፋፋይ ግን ጓደኞቹ የት እንደሚቆሙ የሚያውቀው አብሯቸው በመጫወት ብቻ ነው። ስለዚህ ኳስ አከፋፋዩ የተመረቀበት ቡድን፣ ሌሎቹ ሁሉ ቢቀሩለትም፣ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ኳስ በከንቱ ሲያጣ ይታያል። ረጅሙን የመሀል ተጨዋች ያጣ ቡድን ደግሞ ከቅርጫት ተመልሶ የሚወርደውን ኳስ፣ ሪባውንድ የሚባለውን፣ በቁመት ማግኘት ስለማይችል፣ አምስቱም ተጨዋቾች ተጋጣሚያቸውን በጀርባ እየከለከሉ እንዲይዙት መሠልጠን ይኖርባቸዋል።

በነዚህ ምክንያቶች ስለ መጪው ዘመን የሚከተለውን ግምት እናቀርባለን። አንደኛ፣ ከደቂቃው ከግማሽ በላይ ያጣ ቡድን መጀመሪያው ደካማ ይሆናል፤ ከጥር በፊት በውጤቱ አሠልጣኙን መፍረድ አይገባም። ሁለተኛ፣ ከአዲስ ገቢዎች የሚገኘው ጥቅም በሁለተኛው መንፈቅ ይታያል እንጂ በመጀመሪያው አይደለም። ሦስተኛ፣ ስለዚህ የዘንድሮው ሸክም የሚወድቀው ካቻምናና አምና ገብተው በተጠባባቂነት በተቀመጡት ላይ ነው። ክረምት ላይ መሠልጠን ያለባቸውም እነዚሁ ናቸው።

ረ. ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረውን ለመጠቀም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የጨዋታው ይፋዊ መዝገብ ነጥብንና ጥፋትን እንጂ የእያንዳንዱን ተጨዋች ደቂቃ ስለማያሳይ፣ አንድ ተማሪ ሰዓትና ደብተር ይዞ ከተጠባባቂዎቹ አጠገብ ተቀምጦ ማን መቼ እንደገባና እንደወጣ ቢጽፍ ይበቃል። በዓመቱ መጨረሻ ደቂቃዎቹ በትምህርት ዓመት ተከፋፍለው ቢደመሩ፣ ቡድኑ በክረምት ምን እንደሚያጣ በሚያዝያ ላይ ሆኖ ማወቅ ይቻላል። የ4ኛ ዓመት ተማሪዎች ድርሻ ከግማሽ ካለፈ፣ ከቀሩት ጨዋታዎች በውጤቱ ብዙ በማይጎዱት ላይ ታናናሾቹን ማሰለፍ ይገባል።

በደንቡ መሠረት ጨዋታ በተባለው ሰዓት ቡድን 5 ሰው ካላቀረበ፣ 15 ደቂቃ ተጠብቆ ተሸናፊ ይባላል። ሜዳ የሌለው ኮሌጅ ላይ ይህ አደጋ ቅርብ ነው፤ አንድ ጠንካራ የተማሪዎች ትውልድ ሲመረቅ ተጨዋቾቹ ብቻ ሳይሆኑ ሜዳ የሚያከራየውን ሰው የሚያውቀው፣ ኳሶቹን ቤቱ የሚያስቀምጠውና ጓደኞቹን ለጠዋት ልምምድ የሚቀሰቅሰው ሰውም አብሮ ይሄዳል። እነዚህን ሥራዎች ከወዲሁ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ማስረከብ የአሠልጣኙ ብቻ ሳይሆን የተመራቂዎቹም ግዴታ ነው። በሃያ ሁለትና በአካባቢው ባሉ ኮሌጆች የሚጫወቱ ጓደኞቻችን በዚህ ዓመት የደቂቃ ደብተር መያዝ ቢጀምሩ፣ በሚቀጥለው ክረምት ስለዚሁ ጉዳይ የሚጽፍ ተማሪ በሐሳብ ምሳሌ ፈንታ እውነተኛ ቁጥር ይዞ ሊያስረዳ ይችላል።