የአገራችን ከፍታና የነጋዴው ሒሳብ

አገራችን ኢትዮጵያ ተራራማ መሆንዋን የማያውቅ የለም። የራስ ዳሸን ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 ሜትር ያልፋል፤ የዳሎል ምድር ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ይህ ልዩነት የጂኦግራፊ ተማሪ ብቻ የሚያጠናው ነገር አይደለም፤ በየሱቁ በተደረደረው ዕቃ ዋጋ ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ አገራችን የባሕር በር የላትም። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገባል። በአብነት ሰፈር ለሽያጭ የሚቀርበውን የመኪና መለዋወጫ ለምሳሌ እንውሰድ። ዕቃውን የጫነው መኪና ከወደቡ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ካቋረጠ በኋላ አዋሽ ከተማ ሲደርስ 1,000 ሜትር ያህል፥ አዳማ ሲደርስ ከ1,600 ሜትር በላይ ወጥቷል፤ አዲስ አበባ ሲገባ ከፍታው ከ2,300 ሜትር ያልፋል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ምድር ባቡርም ሆነ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ከዚሁ ዳገት አላመለጡም። ከዚህም በላይ የሚገባው ዕቃ ከሚወጣው ስለሚበዛ ብዙ መኪና ወደ ወደቡ ባዶውን ይወርዳል፤ የዚያም ወጪ በገቢው ዕቃ ላይ ይታሰባል።

የአገር ውስጥ ንግድም እንዲሁ ነው። ከጎጃም ጤፍ የሚያስመጣ ነጋዴ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የዓባይን ሸለቆ መሻገር አለበት። መኪናው ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል፤ ሲወርድ ፍሬኑ፥ ሲወጣ ሞተሩ ይግላል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተከፈተው የህዳሴ ድልድይ የወንዙን መሻገሪያ አሻሻለ እንጂ ቁልቁለቱንና ዳገቱን አላስቀረም።

ይሁን እንጂ ተራራው በክፉ ብቻ የሚነሣ አይደለም። የምድሩ ከፍታ ባይለያይ ኖሮ የደጋው ገብስ፥ የወይና ደጋው ቡናና ጤፍ፥ የሑመራ ቆላ ሰሊጥ በአንድ አገር ባልተገኙ ነበር። ደገኛና ቆለኛ በገበያ የሚገናኙት አንዱ ያለውን ሌላው ስለማያበቅል ነው።

እንግዲህ የማጓጓዣ ውል የሚዋዋል ነጋዴ በካርታ ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር ብቻ ቆጥሮ ዋጋ መቁረጥ አይገባውም። ዳገቱን፥ የክረምቱን ናዳ፥ የመኪናውንም ባዶ ምልልስ ደርቦ ያስላ። መንገዱን ሁሉ ሜዳ አድርጎ የገመተ ሰው ትርፉን በዳገት ላይ ይጥለዋልና።