የምናለሽ ተራ ምድጃና የፍጥረት ክርክር

ጽንፈ ዓለም ፈጣሪ አለው ወይስ የለውም በሚለው ክርክር አገራችን ውስጥ አዘውትሮ የሚሰማው የዕቃና የሠሪ ማስረጃ ነው፦ ሠሪ የሌለው ዕቃ የለም፤ ዓለምም እንደ ዕቃ የተበጀ ነው፤ ስለዚህ ሠሪ አለው። ሎጂክ የሚያስተምር ሰው ይህን በፈተና ወረቀት ላይ ደጋግሞ ያነበዋል። መርካቶ ላይ ደግሞ ማስረጃው በዓይን ይታያል። ምናለሽ ተራ ውስጥ አሮጌ በርሜል ይቀደዳል፣ በመዶሻ ይቀጠቀጣል፣ ይታጠፋል፤ ከዚያ የከሰል ምድጃ ሆኖ ለገዢ ይቀርባል። ምድጃው ራሱን እንዳልሠራ የሚጠራጠር የለም።

ችግሩ ምሳሌው ከሚፈለገው ያነሰ ነገር ማስረዳቱ ነው። ቀጥቃጩ ምድጃውን ሠራ እንጂ ብረቱን አላስገኘም። ማስረጃው ቢሳካ እንኳ ያለውን ነገር ወደሚያበጅ ባለሙያ ያደርሳል፤ ካለመኖር ወደሚያስገኝ ፈጣሪ ግን አይደርስም። ልዩነቱን ለማስተማር የውጭ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት በስድስቱ ቀናት የተፈጠሩትን 22 ፍጥረታት ሲተነትን ሁለት ዓይነት መፍጠርን ይለያል። አንዱ እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ ነው፤ ካለመኖር ወደ መኖር ማምጣት። ሌላው ግብር እምግብር ነው፤ ቀድሞ ከተፈጠረው ሌላ መፍጠር። እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃና መሬት ከመጀመሪያው ወገን ናቸው፤ እንስሳትና ዕፅዋት ከሁለተኛው። ምድጃው ስለ ሁለተኛው እንጂ ስለ መጀመሪያው ምስክር ሊሆን አይችልም።

የተሻለው መንገድ የምክንያትን ሐረግ ወደ ኋላ መከተል ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ኖረ በሚባለው በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው «ሐተታ» የሄደበትም ይህንኑ ነው፦ ማን ፈጠረኝ ብሎ ይነሣል፣ ወላጆቼ ቢል የወላጆቹን ወላጆች ይጠይቃል፣ በመጨረሻ ያልተፈጠረ ባሕርይ ላይ ይቆማል። (ምሁሩ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 የመጽሐፉ ደራሲ ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ተከራከረ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ ኢትዮጵያዊነቱን ተሟገቱ። ማስረጃው ግን በደራሲው ማንነት አይጸናም፣ አይወድቅምም።)

«ፈጣሪንስ ማን ፈጠረው?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። «ሁሉ ነገር ሠሪ አለው» ብሎ የጀመረ ተማሪ መልስ ያጣል፤ የገዛ አነጋገሩ ፈጣሪንም ይጨምራልና። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፈው ሙስሊሙ ሊቅ አል ጋዛሊ ጠንቀቅ ብሎ ነበር፦ ምክንያት የሚያስፈልገው ጅማሬ ያለው ነገር ነው። ዓለም ጅማሬ አለው በሚለው ላይ ደግሞ የመርካቶዎቹ ጎረቤታሞች፣ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ፣ አይለያዩም።

ብዙዎች ይህንን ጅማሬ ከቢግ ባንግ ጋር ያያይዙታል። ሳይንሱ ጽንፈ ዓለም ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት እጅግ ከታመቀና ከጋለ ሁኔታ ተነሥቶ እየሰፋ እንደመጣ ያስረዳል። የታመቀ ነገር ግን ያለ ነገር ነው፤ ስለዚህ ይህ ትረካ እስከ አሁን ግብር እምግብርን አላለፈም። የሐሳቡ ጠንሳሽ ጆርጅ ለሜትር ራሱ ካህን ሆኖ ሳለ ንድፈ ሐሳቡ ለሃይማኖት ማስረጃ እንዲሆን አልፈለገም።

ጅማሬ የሌለው ዓለምም ፈጣሪን አያስቀርም። ሙስሊሙ ፈላስፋ ኢብን ሩሽድ ፈጣሪ አለ ብሎ ያምን ነበር፤ ዓለም ዘላለማዊ ነው የሚለውንም ለአል ጋዛሊ በሰጠው መልስ ተከላክሏል። የጊዜ ጉዳይ ሲወጣ ክርክሩ ወደ አንድ ጥያቄ ይጠባል፦ ላይኖር የሚችል ነገር ለምን አለ? እ.ኤ.አ. በ1948 በቢቢሲ ሬዲዮ ፍሬዴሪክ ኮፕልስተን የተባለው ኢየሱሳዊ ካህን ይህንን ሲጠይቅ፣ ፈላስፋው በርትራንድ ረስል ዓለም እንዲሁ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ማብራሪያ አይጠየቅም ብሎ መለሰ። ሁለቱም እዚያው ላይ ቆሙ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ተከራካሪዎችም ብዙ አልራቁም።