ከውጭ የሚገኝ እውቀት ፍሬ የሚያፈራው ተቀባይ አቅም ሲኖር ነው

አንድ ድርጅት አዲስ ምርት ወይም የተሻለ አሠራር ለማፍለቅ የሚያስፈልገው እውቀት ሁሉ በራሱ ሠራተኞች ዘንድ አይገኝም። ደንበኞች፣ ዕቃ አቅራቢዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የምርምር ተቋማትና ተወዳዳሪ ድርጅቶች ጭምር የእውቀት ምንጮች ናቸው። አሜሪካዊው ምሁር ሄንሪ ቼዝብሮ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የውጭውን እውቀት ከውስጥ አቅም ጋር አቀናጅቶ የመጠቀምን ስልት “ክፍት ፈጠራ” ብለውታል።

የሳሙናና የልዩ ልዩ የቤት ውስጥ ፍጆታዎች አምራች የሆነው የአሜሪካው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በዚህ ረገድ ተጠቃሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የኩባንያው የአክሲዮን ዋጋ ከግማሽ በላይ አሽቆልቁሎ ነበር። በዚያው ዓመት ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆኑት አለን ላፍሊ፣ ከአዳዲስ ምርቶች ግማሽ ያህሉ ከውጭ በሚገኝ ሐሳብ ላይ እንዲመሠረቱ ግብ አስቀመጡ። ኩባንያው 7 ሺህ 500 ያህል ተመራማሪዎች ቢኖሩትም፣ ተመጣጣኝ ችሎታ ያላቸው የውጭ ባለሙያዎች ግን 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ገምቶ ነበር።

ለአብነት ያህል፣ በወቅቱ የኩባንያው ምርት በነበረው ፕሪንግልስ የድንች ቺፕስ ላይ ምስልና ጽሑፍ ለማተም ሲታሰብ ቴክኖሎጂው እንደ አዲስ አልተፈለሰፈም። የኩባንያው ባለሙያዎች ችግሩን ለይተው በጽሑፍ በማሠራጨታቸው፣ በኢጣሊያ ቦሎኛ ከተማ አንድ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በሚመሩት አነስተኛ ዳቦ ቤት በኬክና በብስኩት ላይ የሚበላ ምስል የማተም ዘዴ ተገኘ። ምርቱም እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ ቀረበ።

ይሁን እንጂ ውጤቱ የተገኘው ሐሳቡ ከውጭ በመምጣቱ ብቻ አይደለም። ዌስሊ ኮኸንና ዳንኤል ሌቪንታል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረቡት ጥናት እንዳስገነዘቡት፣ አንድ ድርጅት የውጭ እውቀትን ጠቀሜታ ለመለየት፣ ለመረዳትና በሥራ ላይ ለማዋል አስቀድሞ የራሱ እውቀት ሊኖረው ይገባል። የራሱን ምርምርና ሥልጠና ያቋረጠ ድርጅት ከውጭ የሚመጣውንም የመጠቀም አቅሙ ይዳከማል።

የኢትዮጵያ የካይዘን ተሞክሮም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የጃፓኑ የሥራ አመራር ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ ድጋፍ በ30 ያህል ኩባንያዎች ሲሞከር፣ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ከጃፓናውያን አማካሪዎች ጋር በፋብሪካዎቹ ውስጥ በተግባር እንዲሠለጥኑ ተደርጓል። በዚህም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲቋቋም ዘዴውን የሚያውቁ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ነበሩ።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የልማት ድርጅቶች የውጭ አማካሪ ከመቅጠራቸው ወይም ቴክኖሎጂ ከመግዛታቸው በፊት እንዲፈታ የሚፈልጉትን ችግር በግልጽ መለየት፣ እውቀቱን የሚረከብ ቋሚ ባለሙያ መመደብና ለሥልጠናው በቂ ጊዜ መስጠት ይጠበቅባቸዋል። ይህ ካልተሟላ የአማካሪው ውል ሲያበቃ ከፍተኛ ገንዘብ የወጣበት እውቀትም አብሮ ይሄዳል።