ስለ ሙታን ትንሣኤ፦ የሚባለውና ሃይማኖቶቹ የሚያስተምሩት

በለቅሶ ድንኳን ሥር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያስተዛዝናሉ። አንዱ «ነፍስ ይማር» ሲል ሌላው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ይላል። አብሮ ማዘኑ ከምንኮራባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ከዚያው ድንኳን ግን «ሃይማኖት ሁሉ ስለ ሞት የሚለው ያው ነው» የሚል ንግግርም አይጠፋም። ያው አይደለም። የጎረቤቴን እምነት አከብራለሁ የሚል ሰው ጎረቤቱ ምን እንደሚያምን ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ የራሱን አጥርቶ ማወቁም ይቀድማል።

የሚባለው፦ «ዋናው ነፍስ ወደ ሰማይ መሄዷ ነው፤ ሥጋ እንደሆነ አፈር ሆኖ ይቀራል።»

ከሁሉ የተስፋፋው ስሕተት ይህ ነው፤ በክርስቲያኖች ዘንድ ሳይቀር። ነፍስ ከሥጋ ተፈትታ ነጻ ትወጣለች የሚለው አስተሳሰብ የፕላቶንና የተከታዮቹ እንጂ የሐዋርያት አይደለም። ጳውሎስ በአቴና ስለ ሙታን መነሣት ሲናገር ከአድማጮቹ አንዳንዶቹ እንዳፌዙበት የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ይተርካል፤ ለግሪክ ፈላስፎች የሥጋ መነሣት እንግዳ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ381 በቁስጥንጥንያ ጉባኤ የጸናው ጸሎተ ሃይማኖትም የሚደመደመው በሙታን ትንሣኤና በሚመጣው ዓለም ሕይወት ነው። ነፍስ ያለ ሥጋ ስለ መኖሯ አንድም ቃል የለበትም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከአምስቱ አእማደ ምሥጢር የመጨረሻው ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ነው። እንደ ትምህርቱ የጻድቃን ነፍስ እስከ ዕለተ ምጽአት በገነት፣ የኃጥኣን ነፍስ በሲኦል ትቆያለች። መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት የሚመጡት ሥጋና ነፍስ ተዋሕደው ከተነሡና ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ገነትንና መንግሥተ ሰማያትን አንድ አድርጎ ስለሚናገር ይህ ቅደም ተከተል ይጠፋበታል። ፍትሐቱም ሆነ የ40 ቀኑ ተዝካር ከፍርዱ በፊት ላለው ለዚህ ጊዜ የሚደረጉ ናቸው። ካቶሊኮች በዚሁ መካከል መንጽሔ፣ ማለትም ነፍስ የምትነጻበት ሁኔታ አለ ይላሉ፤ ኦርቶዶክሳውያን ይህን ትምህርት አይቀበሉም። ወንጌላውያን ለሞተ ሰው መጸለይን ራሱን አይቀበሉም፤ አድቬንቲስቶች ደግሞ ሙታን እስከ ትንሣኤ ቀን ምንም ሳያውቁ አንቀላፍተዋል ብለው ያስተምራሉ። በመካከሉ ስላለው ጊዜ እንዲህ ቢለያዩም ሥጋ ይነሣል በሚለው ላይ ይስማማሉ።

የሚባለው፦ «አልዓዛርም እንደ ክርስቶስ ተነሥቷል።»

አልዓዛር በ4ኛው ቀን ከመቃብር የወጣው ወደ ቀድሞው ሟች ሕይወቱ ነው። ክርስቲያኖች የክርስቶስ ትንሣኤ የሚሉት ዳግመኛ ሞት የሌለበትን ነው፤ የምእመናን ተስፋም በእርሱ አምሳል መነሣት ነው።

የሚባለው፦ «አይሁድ በትንሣኤ አያምኑም።»

ይህ የሰዱቃውያንን አቋም ለሕዝቡ ሁሉ መስጠት ነው። ፈሪሳውያን ያምኑ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ70 ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ በኋላ የቀጠለው የረቢዎች ይሁዲነትም የያዘው የእነርሱን መንገድ ነው። በየቀኑ በሚደርሰው ጸሎት ሙታንን የሚያስነሣ አምላክ ይመሰገናል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማይሞኒደስ ከዘረዘራቸው 13 የእምነት መሠረቶች የመጨረሻው የሙታን ትንሣኤ ነው። በዘመናችን ከለዘብተኞቹ አይሁድ ብዙዎች የሥጋን መነሣት ትተውታል።

አምስቱ የኦሪት መጻሕፍት ስለ ትንሣኤ በግልጽ እንደማይናገሩ ግን እውነት ነው። ከዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ጉዳዩን ፍርጥ አድርጎ የሚናገረው ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 12 ነው። እዚህ ላይ የግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ለዓለም ያቆየው ሀብት አለ፤ መጽሐፈ ሄኖክ። ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። በምዕራፍ 22 ሄኖክ በምዕራብ ባለ ተራራ ውስጥ የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን በየወገናቸው ተለይተው የሚጠበቁባቸውን ጥልቅ ስፍራዎች ያያል። ሊቃውንት ይህን የመጽሐፉን ክፍል ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያደርሱታል። የሙታን መቆያና የፍርድ ቀን ሐሳብ ከክርስትና በፊት በአይሁድ ዘንድ እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል። የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤልም ለሙታናቸው ተዝካር ሲያደርጉ ኖረዋል።

የሚባለው፦ «ሙስሊም እንደሞተ ወዲያው ጀነት ወይም ጀሀነም ይገባል።»

በመጨረሻው ቀን ማመን ከ6ቱ የኢማን መሠረቶች አንዱ ነው፤ 75ኛው የቁርኣን ምዕራፍም አል-ቂያማ ተብሎ በዚያ ቀን ይጠራል። ከሞት እስከዚያ ቀን ያለው ቆይታ በርዘኽ ነው። በቀብር ውስጥ ሙንከርና ነኪር የተባሉ መላእክት ሟቹን ይጠይቁታል። ከመቃብር መነሣቱና የሥራው መመዘን ይከተላል፤ ጀነትና ጀሀነም ከዚያ በኋላ ናቸው። ነቢዩ ዒሳን (ኢየሱስን) በተመለከተ ቁርኣን አልተሰቀለም፣ አላህ ወደ ራሱ አነሣው ስለሚል ሙስሊሞች ሞቶ መነሣቱን አይቀበሉም፤ አብዛኞቹ ግን ተመልሶ እንደሚመጣ ያምናሉ።

የሚባለው፦ «ሂንዱዎችና ቡድሂስቶች ሰው ተመልሶ ይወለዳል ስለሚሉ ሁለተኛ ዕድል አላቸው።»

ለሁለቱም ተመልሶ መወለድ የሚመኙት ነገር አይደለም። ሂንዱዎች ሳምሳራ የሚሉት በካርማ፣ ማለትም በሰው ሥራ ውጤት፣ የሚዞር የመወለድና የመሞት ዑደት ነው። ሰማይም ገሃነምም አላቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ጊዜያዊ ናቸው። የመጨረሻው ግብ ሞክሻ፣ ከዑደቱ መውጣት ነው። በጋንጅስ ዳር ባለችው በቫራናሲ ከተማ ለመሞትና በማኒካርኒካ ዳርቻ ለመቃጠል ብዙዎች የሚመኙት ዳግመኛ ላለመመለስ ነው።

ቡድሂዝም ከዚህም ይርቃል። ለሂንዱው ከአካል አካል የሚሸጋገር ዘላለማዊ ነፍስ አለ፤ ቡድሃ ግን ቋሚ ነፍስ የሚባል ነገር የለም ብሎ አስተማረ። ታዲያ ምን ይወለዳል? መምህራኑ ከአንድ መብራት ሌላ መብራት ሲለኮስ ያለውን ነበልባል ይጠቅሳሉ፤ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ዕቃ ግን የለም። ስለዚህ ሁለቱን እምነቶች «ነፍስ ትዞራለች» በሚል አንድ ቃል መጠቅለል ቡድሂዝምን ዋና ትምህርቱን ማስካድ ነው።

የሚባለው፦ «አስከሬኑ የተቃጠለ ሰው አይነሣም።»

ማቃጠል ከመቅበር ባነሰ ዋጋ በሚከናወንባቸው አገሮች ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ177 በሊዮን ከተማ ክርስቲያኖችን የገደሉ አሳዳጆች አስከሬናቸውን አቃጥለው አመዱን ወደ ሮን ወንዝ በተኑት፤ ያደረጉትም የትንሣኤ ተስፋቸውን ለማጥፋት እንደነበረ ይነገራል። እንግዲህ አስከሬን ከጠፋ ትንሣኤ የለም ብለው ያሰቡት ገዳዮቹ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ሰማዕታቱን እንደሚነሡ ቈጥራ ዘክራቸዋለች። የዞራስተር እምነት ተከታዮች አስከሬንን ሳይቀብሩና ሳያቃጥሉ ለአሞራ በሚተዉበት ሥርዓታቸው የሥጋን ትንሣኤ ሲያምኑ ኖረዋል።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ማቃጠልን ይፈቅዳል ማለት አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1963 ፈቅዳለች፤ እስልምና ይከለክላል፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት መቅበር ነው። ምክንያታቸው ለሥጋ ያላቸው ክብር ነው እንጂ ፈጣሪ አመድን ማስነሣት ይሳነዋል ብለው አይደለም። በስደት ያላችሁ ወገኖች፣ የትና እንዴት መቀበር እንደምትፈልጉ አሁኑኑ ለቤተሰባችሁ ንገሩ፣ በጽሑፍም አስቀምጡ፤ ስለ ሥርዓቱም ካህናችሁን፣ ኢማማችሁን ወይም ፓስተራችሁን በሕይወት ሳላችሁ ጠይቁ።