አክሲዮን ለጀማሪ፦ መግቢያው ብቻ ሳይሆን መውጫውም

አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 486 መሥራች ባለአክሲዮኖች ያዋጡት የተከፈለ ካፒታል 24.2 ሚሊዮን ብር ነበር። ዛሬ አክሲዮን ሲነሳ “ምነው ያኔ በገዛሁ!” የሚል ብዙ ነው። ቁጭት ግን ለጀማሪ ደህና አማካሪ አይሆንም፤ ያን አክሲዮን እስካሁን የያዘ ሰው ትልቁ ሥራው ገንዘቡን ለሠላሳ ዓመት ገደማ አለመንካቱ ነው። ስለዚህ “የማንን አክሲዮን ልግዛ?” ከማለት በፊት “ገንዘቡን መቼ እፈልገዋለሁ?” ማለት ይቀድማል።

በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን የሚያገበያይ ቡድን ነበር፤ በ1967 ድርጅቶች በመንግሥት ሲወረሱ ጠፋ። የ1986ቱ አዋጅ የግል ባንኮችን ሲፈቅድ አክሲዮኑ ተመለሰ፣ ገበያው ግን አልተመለሰም። ሻጭ ገዢውን የሚያገኘው በዘመድ፣ በወዳጅ ወይም በደላላ ነበር። በዚህ የተነሳ የእኛ ባለአክሲዮን ገዝቶ ማስቀመጥንና በዓመት የትርፍ ድርሻ መጠበቅን ለመደ። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲከፈት ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ፤ ገዳ ባንክ ተከተለ። በርካታ አክሲዮን ማኅበራት ግን ገና ከገበያው ውጭ ስለሆኑ የድሮው መንገድ ከአዲሱ ጎን ለጎን ቀጥሏል።

በትርፍ ድርሻ ላይ የቆመው አካሄድ ለጀማሪ የሚቀለው ነው፤ ሒሳቡ ግን ያታልላል። የአንድ አክሲዮን የተጻፈ ዋጋ 1,000 ብር ቢሆንና ድርጅቱ በአክሲዮን 200 ብር ቢያከፋፍል ማስታወቂያው “20 በመቶ” ይላል። አንተ ያንኑ አክሲዮን ከሌላ ሰው በ2,000 ብር ከገዛኸው ድርሻህ 10 በመቶ ነው፤ እሱም ግብር ሳይነሳለት። በቁጠባ ላይ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ስለሆነ፣ ልዩነቱ የምትሸከመውን ሥጋት የሚያህል መሆኑን ማየት ያንተ ፈንታ ነው። የዋጋ ንረቱ ከሁለቱም በላይ ከሆነ ደግሞ የቀረህ ተስፋ የአክሲዮኑ ዋጋ ራሱ ማደጉ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዝቅተኛ ካፒታል እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. 5 ቢሊዮን ብር እንዲደርስ ማዘዙ ብዙ ባንኮችን ካፒታል ማሳደግ ውስጥ ከቷል። ጠቅላላ ጉባኤው የትርፍ ድርሻው ወደ ካፒታል ይዙር ብሎ ከወሰነ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት ያሰብከው ብር ተጨማሪ አክሲዮን ሆኖ ይመጣል። አዲስ አክሲዮን ሲወጣም ነባሩ ባለአክሲዮን በድርሻው መጠን የመግዛት ቅድሚያ አለው፤ ያልገዛ ሰው በድርጅቱ ያለው ድርሻ ይሳሳል። ጥሬ ገንዘብ የሚፈልግ ጡረተኛና ሀብት የሚያካብት ወጣት አንድ ዓይነት አክሲዮን መግዛት የለባቸውም የምለው ለዚህ ነው።

አክሲዮን ለሕዝብ ሲቀርብ መግዛት ሁለተኛው መንገድ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች እያንዳንዳቸውን በ300 ብር በቴሌብር ሲያቀርብ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ሕዝቡ በትልቅ ስም ብቻ አልተጣደፈም። በእኔ ግምት ይህ ጥንቃቄ እንጂ ድክመት አይደለም። የእንዲህ ያለው ሽያጭ መልካምነቱ ደንበኛ ሳቢ መግለጫ ይዞ መቅረቡ ነው፤ ትርፉን፣ ዕዳውንና ሥጋቱን ከዚያ ማንበብ ይቻላል።

በምሥረታ ላይ ያሉ ድርጅቶች አክሲዮን ግን ለጀማሪ አይሆንም። የሚመረመር የኦዲት ሪፖርት የለም፤ የአገልግሎት ክፍያ የሚባለው ከመነሻው ይቆረጣል፤ ምሥረታው ቢጓተት ገንዘብ ማስመለስ ጣጣ ነው። በቴሌቪዥን የሚታየው ያማረ የሕንፃ ሥዕል ዋስትና አይደለም።

ዋጋ ሲወርድ ገዝቶ ሲወጣ መሸጥም ገና ጥቂት ድርጅት ባለበት ገበያ ለጀማሪ የሚሆን አይደለም፤ በፈለጉት ቀን ገዢ ላይገኝ ይችላል። የብዙዎችን ገንዘብ ሰብስቦ በባለሙያ የሚያስተዳድር የጋራ ፈንድ ሕጉ ፈቅዶታል፤ ሲስፋፋ ሪፖርት ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው ከሁሉም የተሻለ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ታሪክ ደግሞ ሕግ ሲለወጥ የሚመጣውን ሥጋት ያሳያል። በባንኮች የነበራቸውን ድርሻ እንዲለቁ ተደርገው አክሲዮናቸው በጨረታ ተሸጠ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ እንዲገዙ በሩን መልሶ ከፈተላቸው።

እንግዲህ ጀማሪ ከሆንክ፣ ለአምስት ዓመት የማትፈልገውን ገንዘብ ብቻ ይዘህ፣ ቢያንስ የሦስት ዓመት የኦዲት ሪፖርት ያላቸውን ሁለት ወይም ሦስት ድርጅቶች ምረጥ፤ ሁሉም ባንክ ባይሆኑ ይሻላል። ከመክፈልህ በፊት ደግሞ ከሻጩ ጋር የሚያገናኝህ ደላላ በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆኑን አጣራ።